የጥር እራት በሐምሌ

መኪና ተከልክሎ መንገዱ ተዘግቶ
አስፋልቱ አዳራሽ ሆኗል ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ።
ከፋርማሲው ደጃፍ እስከ ልብስ አጣቢው
መቶ አርባ ወንበር፣ አንዱም አንዱን የማይመስለው፤
ግማሹ ከትምህርት ቤት፣ ግማሹ ከቤተ ክርስቲያን፣
ሦስቱ ከጥርስ ሐኪሙ የመጠበቂያ ሳሎን።
ጨርቁን እንዳይነጥቅ የሜዳው ነፋስ
በየጥጉ ድንጋይ፣ መዶሻ፣ ባዶ ጠርሙስ።

ሐምሌ ነው በዊኒፔግ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት
ፀሐይ አልገባም ብላ፣ እንደ እልኸኛ ሕፃናት፣
ጣሪያ ጫፍ ተቀምጣለች እግሯን እያወዛወዘች፤
ቢምቢ ግን ወረፋ አታውቅም፣ ትኬትም አልቆረጠች፣
ከእንግዳው ሁሉ ቀድማ እራቷን ጀመረች።

እኔ ከገመዱ በር ነኝ፣ ዘጠና ዶላር ተቀባይ፣
የሳንቲም ቦርሳ በአንገቴ፣ የላብ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ።
ገንዘቡ ለቦይለር ነው፤ ለአንድ የብረት ጋን፤
ቤት የሌለው ለሚያድርበት፣ ለዚያ ለአሮጌው መጋዘን።
አምና በጥር ተሰነጠቀ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፤
ስልሳ ሁለት ሰው ሞተሩ ባልጠፋ አውቶቡስ ያደሩበት ሌሊት።

ድግሱን የጠነሰሰችው ወይዘሮ ሃልዶራ ናት፣
ሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣ ምርኩዝና ደብተር ያላት።
በየምግብ ቤቱ በር ቆማ፣ እሺ እስኪሏት አትነቃነቅም።
«ለብርድ በጥር አይለመንም» አለችኝ፣
«በጥር ሁሉም ለራሱ ነው።
በሐምሌ ነው የሚለመነው፣ ሰውን ላብ ላብ ሲለው።»

የጠረጴዛውንም ካርታ የሳለችው እርሷ ናት።
በኋላ «ተሳስቼ ነው» አለች።
እኔ አላመንኳትም።

አርሚንዶ፣ ዶሮ ጠባሹ፣ በርበሬና ሎሚ በእጁ፤
ረስቲቱቶ፣ የአሳማ ሥጋ በኮምጣጤ የሚቀቅል በደጁ፤
አሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና፣ አሥራ አንድ ዓመት ዝምታ።
ነገሩ አካፋ በረዶ ነው፤ የአንድ ጠዋት ስህተት፣ የአንድ አፍታ፤
የአንዱ ልጅ ደጁን ጠርጎ ከሌላው በር ከመረ፤
በረዶው ሚያዝያ ቀለጠ፣ ቂሙ ግን ከርሞ ኖረ።

ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም፣ ይላሉ ሰዎች ሲተርቱ፤
ቂም ይዞ ጥብስ ግን ሆነ፤ ይኸው ጎን ለጎን ሁለቱ፣
ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው፣ መሀላቸው አንድ ክንድ፣
ጭሳቸው ብቻ ነው ከላይ ሳያፍር የሚዛመድ።

ከወዲያ ኦሪስያ ድንች በሊጥ ጠቅልላ ቅቤ ታጠጣለች፤
ከወዲህ ቱዬት መረቅ ላይ ቅጠል ትበጥሳለች፤
የቅጠሉን ስም ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለት ጊዜ ረሳሁ።
አንድ ጠበቃ ክራቫቱን ወጥ ነክሮ ሲስቅ አየሁ።

ከዚያ የረስቲቱቶ እሳት ሰማያዊ ሆኖ አጠረ፣
ተንጠባጠበ፣ ሳል ሳለ፣
ጠፋ።
ሥልሳ ሰው ከነሳህኑ ተሰልፏል። ሥጋው ገና ነው።
ሲሊንደሩን ነቀነቀው። ባዶ። እንደ ከበሮ ቀለለው።
ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፤
ወደ ጎረቤቱ ግን አላየም፤
አንገት አሥራ አንድ ዓመት ቆሞ በአንድ ምሽት አይዞርም።

አርሚንዶም አልዞረም።
ዶሮውን እየገለበጠ፣ ዓይኑን ከፍሙ ሳያነሣ፣
ትርፉን ሲሊንደር በእግሩ ገፋ። በእጁ አይደለም፣ በእግሩ፤
አስፋልቱን እየፋቀ ሄደ፣ ሲጥጥ ብሎ ብረቱ፤
ክራንቻ የተሰበረበት ውሻ ይመስል ነበር ድምፁ።
ክንድ ያህሏ መሬት አለቀች። ቆመ።

ረስቲቱቶ ጎንበስ አለ። ቱቦውን አጠበቀ። ክብሪት።
ምስጋና የለም። ሰላምታ የለም። ከንፈር አልተነቃነቀም።
ሰልፉ ባዶ እስኪሆን ድረስ ቀዳ፤
ከዚያ ከድስቱ ሥር ስቡ ያልተለየውን፣
ለራሱ ያስቀረውን ቁራጭ አውጥቶ
ከአርሚንዶ ጠረጴዛ ጫፍ፣ ልክ ጫፉ ላይ፣ አኖረለት።
አርሚንዶ ጀርባውን ሰጥቶ በላ።
አጥንቱንም ጋጠ።

ሂሳቡ ሰባት ሺህ ጎደለ። ሃልዶራ ቁጥሩን ጽፋ
«ሾርባ፣ በመስከረም» አለች፣ ደብተሯን አጥፋ።
ሲሊንደሩ በነሐሴ ተመለሰ፣ በጓሮ በር፣
ሞልቶ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ አንዳች ነገር።

ታረቁ ወይ? አትበሉኝ፤ አላውቅም።
አዲሱ ቦይለር እያጉረመረመ ይሞቃል፤
በጥር አንድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አድሮ፣
አርሚንዶን አየሁት፣ ደጁ ላይ፣ አካፋው በበረዶ ሞልቶ፤
ወደ ግራ አየ። ወደ ቀኝ አየ።
የት እንደሚደፋው አስቦ
እንደተሸከመው ብዙ ቆየ።